ዳቦ ያቆምሁበት ሰባት ሳምንት

«አንቺ ልጅ፣ እግር ብቻውን አይሮጥም፤ ሆድሽን አስከትይው» ያሉኝ የሰባተኛ ክፍል የስፖርት መምህሬ ናቸው። ቁርስ ሳልበላ መጥቼ፣ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞሬ በአራተኛው አፈር ላይ ስዘረጋ፣ ከኪሳቸው እፍኝ የገብስ ቆሎ አውጥተው እየሰጡኝ ነበር ይህን የተናገሩት። ቆሎውን በላሁት። ምክሩን ግን ለሌላ ቀን አስቀመጥሁት። ምክር እኮ እንዲህ ነው፤ ሲሰጡን እናስቀምጠዋለን፣ ስንፈልገው ያስቀመጥንበት ይጠፋናል። እኔ የመምህሬን ምክር ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጣና ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። እንዴት እንደ ተቀመጥሁ ላውጋችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከመብራት ምሰሶ ነው። ግሽ ዓባይ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን በር ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ አንድ ጠዋት ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «ለሴቶች ብቻ፤ የሰባት ሳምንት ጽኑ ስፖርትና የአመጋገብ ሥልጠና፤ ሐይቁ ዳር፤ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በደማቁ «ላጠናቀቁ የምስክር ወረቀት ይሰጣል» የሚል አለ። ሌላው ሰው የላይኛውን አንብቦ አለፈ። እኔ የታችኛውን አንብቤ ቀረሁ።

ለምን ብትሉ፣ የቤታችንን ግድግዳ ስላላያችሁ ነው። በቀኝ በኩል የባለቤቴ የአበጀ ዲፕሎማ በመስተዋት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ከጎኑ ከሚሠራበት ፋብሪካ ያገኘው «ምስጉን ሠራተኛ» የሚል ወረቀት አለ። በግራ በኩል የአምስት ዓመቷ ልጄ ማርታ ከአፀደ ሕፃናት ስትመረቅ፣ ጥቁር ጋዋን ለብሳ፣ ጆሮዋ ድረስ የወረደ ቆብ ደፍታ የተነሣችው ፎቶ። ታናሽ ወንድሟ ገና ዳዴ ይላል፤ እሱም ቢሆን የክትባት ካርድ አለው፣ ማኅተም ያረፈበት። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ እናቴ ስትታመም ለማስታመም እንደ ወጣሁ ቀረሁ። በዚያ ቤት ስሜና ማኅተም አብረው ያሉበት ወረቀት ቢፈለግ የሚገኘው የቀበሌ መታወቂያዬ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ማን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል? የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሻዩን እየጠጣ የተመራቂዎቹን ፊት በተራ ያያል፤ ሻዩን ያፈላሁትን እኔን አያይም። ስለዚህ ለመክሳት የገባሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ የገባሁት ለመመረቅ ነው።

አሠልጣኛችን ናቲ ይባላል። ዕድሜው ከእኔ የሚያንስ፣ ደረቱ ከፊቱ ቀድሞ የሚደርስ ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ሴቶች ሣሩ ላይ አሰልፎ ሕግ አወጣ። እንጀራ የለም። ዳቦ የለም። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ስኳር የለም። የደንቢያን ጤፍ፣ የቆጋን ስንዴና ድንች፣ ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበትን በአንድ ቃል ከገበታ አወረደው። ካርቦሃይድሬት የሚባል ጠላት በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል አለን። ያልተደበቀበትን ብቻ ቢነግረን ይቀለው ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ግን ዝም አልሁ። እኔ ዝምታ ልማዴ ነው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ጎመን፣ አቮካዶና ለውዝ ግን እንደ ልባችሁ አለ። እንደ ልባችን ሲል የማን ልብ እንደሆነ አላውቅም።

የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ሁለት ነገር ይጠበቅብናል። አንደኛ፣ ሰባቱን ሳምንት የተከለከለውን ሳይነኩ መክረም። ሁለተኛ፣ በመጨረሻው እሑድ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ፣ ዓባይ ድልድይ ደርሶ፣ ሳይቆሙ ሮጦ መመለስ። ከሁለቱ አንዱ የጎደለባት ወረቀት የላትም። በዚህ ላይ እንድንፈርም አዘዘን። እኔ ፊርማ አልነበረኝም፤ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍሁለት።

ስፖርቱስ እንዴት ነበር ብትሉ፣ ስሙ ነው እንጂ አዲሱ፣ ነገሩ የቆየ ነው። ስኳት ብሎ በታላቅ ክብር ያሳየን ቁጭ ብድግ ሆኖ ተገኘ። በእኛ ጊዜ እኮ ረፍዶበት የመጣ ተማሪ የሚቀጣበት ነበር፤ አሁን ሰው ወዶና ፈቅዶ፣ ማልዶ ተነሥቶ ይቀጣል። በርፒ የሚሉት ደግሞ መሬት ወድቆ መነሣት ነው፤ ስግደት ነው በሉት፣ ጸሎቱ ብቻ የለበትም። ጸሎቱም ቢሆን ከሃያኛው በኋላ በራሱ ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእንቁላል አለፉ። ከዚያ ኅዳር አሥራ አምስት ደረሰና የነቢያት ጾም ገባ።

አሥራ ሰባት ሴቶች፣ ሁላችንም ክርስቲያን፣ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የጾሙን መግቢያ በጣታችን ስንቆጥር ያደግን፣ ስንፈርም አንዳችንም ትዝ አላላትም። ናቲም አልቆጠረም። እንዲህ ሆነና ቤተ ክርስቲያን እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ ቅቤውንና አይቡን ወሰደች፤ ናቲ እንጀራውንና ዳቦውን አስቀድሞ ወስዷል። ሽሮስ ብለን ብንጠይቀው ጠላት በሽሮም ውስጥ አለ አለን። በሁለቱ ሕግ መካከል የተረፈን ጎመን፣ አቮካዶና ለውዝ ነው። የጣና ዳር ሰው ነኝና ዓሣ ትዝ አለኝ፤ የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። አባ ጥቂት አሰቡና፣ ዓሣ ከውኃ ሲወጣ ይንፈራገጣል፣ የሚንፈራገጥ ሁሉ ነፍስ አለው፣ ተይው ልጄ አሉኝ። በርፒ ስሠራ ቢያዩኝ እኔንም ነፍስ አላት ይሉ ነበር።

አበጀ ይህን ሁሉ በፈገግታ ያያል። ማታ ማታ ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለለ፣ አንቺ እኮ በረከት ነሽ፣ ጤፍ እንዲህ በናረበት ዘመን እንጀራ የማትበላ ሚስት ማን አገኘ ይለኛል። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን በእንቅልፍሽ ታላምጫለሽ ይላል። ምን እንደማላምጥ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። እንጀራው ትኩስ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ግን ፈገግ አላሉም። በእኛ ሰፈር የወፈረች ሴት ስትታይ ተመስገን ይባላል፤ የከሳች ስትታይ ግን የባሏ ስም ይነሣል። እትዬ ጥሩ አንድ ቀን መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው ለኩና፣ ከሳሽ፣ ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ስፖርት ነው እትዬ አልኋቸው። ስፖርት ብሎ ነገር፣ አንቺን ሲበላ የከረመ ምኑን ስፖርት ሆነ አሉ። በማግሥቱ አበጀን አስጠርተው፣ ሚስትህ ዳቦ ስጋግር ደጄ ላይ ቆማ ስታሸት አየኋት፣ እህል ከቤት ጠፍቶ እንደሆነ ንገረኝ፣ አላፍርብህም ብለው ገሠጹት። ምስጉኑ ሠራተኛ ያን ዕለት ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ስለ ደጁ እውነታቸውን ነው፤ ቆሜ ነበር። ማሽተት ግን በወረቀቱ ላይ አልተከለከለም።

ናቲ በየሳምንቱ መጨረሻ ያሰልፈንና «የነካች አለች?» ይላል። ሴቱ አንድ በአንድ እየወጣ ተናዘዘ። አንዷ በልጇ ልደት ኬክ ቀመሰች፤ አንዷ እኅቷ ስትታጭ ሁለት ጉርሻ ተጎረሰች፤ አንዷማ ናቲን ፊት ለፊት ቆማ፣ እኔ ካርቦሃይድሬትን ይቅር ብዬዋለሁ አለችው። ከአሥራ ሰባታችን ዘጠኝ ቀረን። እኔ አልነካሁም። ግድግዳው ላይ ከዲፕሎማውና ከፎቶው መካከል አንድ ባዶ ቦታ አለች፤ እሷን እያየሁ ጎመኔን አኘክሁ።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ የወሩ ማርያም ነበር። ማታ ጎመን በልቼ አደርሁ። ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ስለማይቀመስ፣ ቅዳሴውን ትቼ ለሩጫ የሄድሁት እኔ ኃጢአተኛዋ፣ ሆዴን ባዶ ይዤ ተሰለፍሁ። ናቲ ፊሽካውን ነፋ። ድልድዩ ድረስ ደኅና ደረስሁ። ስመለስ የመንገዱን ዘንባባዎች መቁጠር ጀመርሁ፤ ከዚያ ዘንባባዎቹ እኔን መቁጠር ጀመሩ። ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን በር ስደርስ ጉልበቴ፣ እንግዲህ አንቺ ቀጥይ፣ እኔ እዚሁ ነኝ አለኝ። ሕጉ «ሳይቆሙ» ነው የሚለው። እኔም አልቆምሁም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

የመምህሬ ምክር የተገኘው እዚያ ነው። ምን ያደርጋል፣ የእሳቸው ቆሎ የለም። ዓይኔ ይጨልማል፣ ጆሮዬ ይጮኻል፤ የማስበው ግን ስለ ሞት አልነበረም። ያቺ የግድግዳ ባዶ ቦታ ልታስለቅሰኝ ደረሰች። ሰባት ሳምንት ተርቤ፣ መጨረሻው ሊታይ ሲል፣ እንደገና ዘጠነኛ ክፍል ላይ ልቀር ነው።

በዚህ ጊዜ ቅዳሴው ወጣና ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ ፈሰሰ። ከመካከሉ እትዬ ጥሩ ብቅ አሉ፤ የማርያም ማኅበር ተረኛ እሳቸው ናቸው። ካህኑ ባርከው የቆረሱትን ድፎ ዳቦ በሰፌድ ይዘው በር ላይ ላለ ሁሉ ያድላሉ። ድንጋዩ ላይ ሲያዩኝ፣ ይኸው ስፖርት ጣላት አሉና ትልቅ ቁራሽ ዘረጉልኝ። እትዬ፣ እኔ እኮ ዳቦ አቁሜአለሁ አልኋቸው። ዓይናቸውን አላርገበገቡም። «ዳቦ ነው ያለሽ ማን ነው? ይህ ጠበል ጸዲቅ ነው። እመቤታችንን እምቢ ትያታለሽ?»

አንባቢ ሆይ፣ እስኪ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? በናቲ ፊት የፈረመ ሰው አለ፤ በማርያም ፊት እምቢ ያለ ግን በእኛ አገር ታይቶ አያውቅም። እጄን በእጄ ደግፌ ተቀበልሁ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስውጥ እንባዬ መጣ። እትዬ ጥሩ ስለ ሃይማኖቴ መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሁለተኛ ቁራሽ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ፣ ይህ ለልጅሽ ነው ብለው ጨመሩልኝ። እሱን በሹራቤ ውስጥ ሸጉጬ ተነሣሁ።

ዳቦ በአንድ አፍታ እግር ድረስ አይወርድም ይል ይሆናል የተማረ ሰው። እኔ ስላልተማርሁ ወረደልኝ። ከፊቴ ያሉትን ሦስት ሴቶች አልፌ ገባሁ።

መጨረሻ ላይ ስፈተለክ ያየኝ ናቲ በደስታ የሚይዘውን አጣ። እጄን ይዞ መካከል አቆመኝና፣ እዩዋት፣ ሰውነቷ ያለ እህል ጉልበት ማውጣትን ተምሯል፣ ሰባት ሳምንት የነገርኋችሁ ይህን ነው አለ። የምስክር ወረቀቴን እዚያው አምጥቶ ሰጠኝ። ስሜ ከነአያቴ ተጽፏል፤ ሰማያዊ ማኅተም አለው፤ «ሰባት ሳምንት ያለ እንጀራና ያለ ዳቦ በጽናት ስላጠናቀቁ» ይላል። ቀጥሎም፣ በይ እንግዲህ ምስጢሩን ለእኅቶችሽ ንገሪያቸው አለኝ።

እኔ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ወረቀቱን አየሁት። ስሜ አምሮበታል። እንደዚህ ካማረ ስም ሥር ውሸት ተጽፎ ግድግዳዬ ላይ ሊሰቀል ነው፤ ሻይ በጠጣ እንግዳ ቁጥር ሊነበብ ነው።

«ተቀምጬ ዳቦ በላሁ» አልሁ።

ለማርታ የያዝሁትን ቁራሽ አወጣሁና፣ የማርያም ነው፣ ከማኅበር ነው ብዬ በአንድ እጄ ዘረጋሁለት። በሌላው እጄ ወረቀቱን መለስሁለት። ናቲ ዳቦውን አየ፤ ወረቀቱን አየ። ከሴቶቹ አንዷ በቀስታ፣ ናቲዬ፣ ጠበል ጸዲቅ እምቢ ይባላል እንዴ አለችው። ኮፍያውን አወለቀ። አማተበ። ከዚያም እንደ ደንቡ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ዳቦውን። በሁለት እጁ ዳቦ የያዘ ሰው ወረቀት በምን ይቀበላል?

ቆርሶ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ሰባት ሳምንት እኛን ሲያስርብ እሱም ሲራብ እንደ ከረመ ያወቅሁት ያኔ ነው። የቀረውን ስምንቱ ሴቶች እየቆረሱ ተቀባበሉት፤ ካርቦሃይድሬት የሚል ቃል ያነሣ የለም። ናቲ አፉ ሞልቶ ስለነበር መናገር አልቻለም፤ በአገጩ ብቻ ወደ ወረቀቱ እያመለከተ፣ ያዢው፣ ያዢው አለኝ።

ለማርታ የተረፈችው አውራ ጣት የምታህል ቁራሽ ናት። ነጠላ አልያዝሁም፤ የስፖርት ልብስ ደግሞ የሚቋጠርበት ጫፍ የለውም። ቁራሿን «ያለ ዳቦ» የሚለው መስመር ላይ አስቀመጥሁና፣ ማኅተሙ እንዳይጎዳ ተጠንቅቄ ወረቀቱን በአራት አጠፍሁት።