ፈንታሁን የት ደረሰ?

በእኛ ዘንድ «እንዴት ነህ?» ጥያቄ አይደለም፤ በር ማንኳኳት ነው። በር ላንኳኳ ሰው «ግባ» ይባላል እንጂ ጣሪያው በየት በየት እንደሚያፈስ አይተረክለትም። አንድ የጎንደር ሰው ጅብ እግሩን ነክሶ ገደል ለገደል ሲጎትተው ብታገኙትና «እንዴት ዋልህ?» ብትሉት፣ በአንድ እጁ ቁጥቋጦ እንደያዘ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እግዜር ይመስገን፤ እናንተስ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና?» ይላችኋል። ጅቡም ያገር ጅብ ነውና ሰላምታው እስኪያልቅ ይታገሣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እሺ፣ ያየ ሰው አይቻለሁ።

ወደ እስራኤል ስንመጣም ልማዳችን አልጠፋም፤ ቋንቋ ብቻ ቀየረ። ኡልፓን በሚሉት የዕብራይስጥ መማሪያ ቤት ስንት ወር ተቀምጠን፣ ትምህርቱ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣ «ሀኮል በሴደር» የምትለዋ ግን እንደ መዥገር ተጣብቃ ቀረች። ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው። የፋብሪካው መኪና ጣትህን ቀረጠፈው? ሀኮል በሴደር። የሰው አገር ብርድ አጥንትህ ገባ? ሀኮል በሴደር። ልጅህ «አባዬ» ማለት ትቶ በስምህ ጠራህ? እዚህ ላይ ትንሽ ትተነፍሳለህ። ከዚያ ሀኮል በሴደር ትላለህ።

ችግሩ፣ መንግሥት ያገር ሰው አይደለም። መንግሥት «እንዴት ናችሁ?» ሲል የምሩን ነው። መልስ ይፈልጋል፤ መልሱን የሚያመጣለት ሰውም ይልካል። ወደ እኛ ሕንፃ የመጣችው ሚካል ናት።

ሚካልን ከማስገባቴ በፊት ግን ፈንታሁንን ላስተዋውቃችሁ፤ እሱ እንደሆነ እንደ ልማዱ መዘግየቱ አይቀርም።

ፈንታሁን የእማማ ማንጠግቦሽ ልጅ ነው፤ አንድ ለእናቱ። ከእሱ በፊት የተወለደው በሕፃንነቱ ቢሞትባቸው፣ የእሱ ምትክ ይሁን ብለው ፈንታሁን አሉት። እኔና እነሱ ያንድ መንደር ሰዎች ነን። በዚያ መንደር እንደ ፈንታሁን ያለ ቀርፋፋ ፍጥረት አልተወለደም። ውሃ ቅዳ ተብሎ በበጋ ከወረደ፣ ክረምቱ ገብቶ ውሃው ራሱ ጎርፎ ወደ ቤት ይመጣል እንጂ ፈንታሁን አይመጣም። ለሠርግ የጠራነው ሰው ለሙሽሮቹ ልጅ ግርዛት ይደርሳል። ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጫማዬን እያሰርሁ ነበር።» በመንደሩ ማሰሪያ ያለው ጫማ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ውሸት ነው ብሎ የሚከራከረው ሰው አልነበረም።

እኔ በሱዳን በኩል በእግሬ ቀድሜ መጣሁ፤ ቂርያት ጋት የሚሏት ከተማ ገብቼ የክር ፋብሪካ የማታ ተራ ያዝሁ። እነ እማማ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ወርደው፣ አውሮፕላን ሲጠብቁ ሰው በሰው ላይ በተኛበት ጠባብ ቤት አንድ ወረርሽኝ ገባባቸው። ሳል ነው ያለም አለ፣ ትኩሳት ነው ያለም አለ፤ ስሙን እስኪስማሙበት እንኳ አልጠበቀም፤ ከየቤቱ እየለቀመ ወሰደ። አውሮፕላኑ በደረሰ ዕለት ፈንታሁን ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። «ሂጂ እናቴ፤ ጫማዬን አስሬ እከተልሻለሁ» ብሎ ሸኛቸው።

እማማ ከእኔ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ወደ ሥራ ስወርድ የእግሬን ኮቴ ያውቁታል፤ በራቸውን ከፈት አድርገው ይጠብቁኛል።

«አንተ ቀልማዳ! ፈንታሁን የት ደረሰ?»

«አንደኛውን አስሯል እማማ፤ ሁለተኛውን ካልጋ ሥር እየፈለገው ነው።»

«አፍህን ቁርጠት ይያዘው!» ይሉና ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። በማግስቱም ያው ነው። «ማሰሪያው ተቋጠረበት እማማ፤ ቋጠሮውን ሽማግሌ ተልኮ እየለመነው ነው።» እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን። ለአንዲት እናት ልጇ ሊመጣ ጫማ እያሰረ ነው ከማለት የሚበልጥ ምን ወሬ አለ?

ከዚያ አንድ የእነሱ ዘመድ ከአዲስ አበባ መጣና ለሕንፃችን ሽማግሌዎች በጆሯቸው ነገራቸው። ፈንታሁን አውሮፕላኑ በሄደ በሳምንቱ፣ እዚያው አልጋ ላይ ሞቷል።

በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቸኮለ።

መርዶ እንዲህ በየደረጃው ላይ አይነገርም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ታላቅ ሰው ይናገራል፣ የቀረው ይደግፋል። ታዲያ ታላቅ የተባለው የእማማ ወንድም ያለው ሩቅ ሰሜን፣ አፉላ ከተማ ነው፤ ፋብሪካው አልለቀቀውም። ሲለቀው ሰንበት ገባ። ሰንበት ሲወጣ ፋሲካ ደረሰ። ፋሲካው ሲያልፍ የእማማ ደም ግፊት ከፍ አለና «ትንሽ ይረፉ» ተባለ። ግፊቱ ሲወርድ አራተኛ ፎቅ ላይ ሙሽራ መጣች፤ በሰው ደስታ ላይ እንዴት ይለቀሳል? ክፉ ወሬ እንደ ቡሖ ነው፤ ባቆያችሁት ቁጥር ከዕቃው በላይ ይሆናል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ኧረ ይነቅዛል፤ በእኛ ሕንፃ ነቅዞ አየሁት።

ደግነታችን በዛ። የእማማን ዕቃ ከገበያ የሚሸከመው ሰው ተሻማ። ምግብ ከየቤቱ ይወጣላቸዋል። ወደ አዲስ አበባ ስልክ ልደውል ሲሉ መስመሩ ተቆርጧል፤ የኢትዮጵያ መስመር እንደዚያ ዓመት ተቆርጦ አያውቅም። እኔማ ቀልዱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። «ፈንታሁን የት ደረሰ?» ቢሉኝ «በቅርቡ ይመጣል፣ እማማ» ብዬ በትሕትና እጅ ነሥቼ አለፍሁ። ከዚያ ወዲያ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ በበራቸው ማለፍ ጀመርሁ። እሳቸውም መጠየቁን ተዉ። ረሱት፣ እግዜር ረዳን፣ አልሁ። እናት ልጇን ትረሳለች ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት ካያችሁ የእኔ ነው፤ መልሱልኝ።

ሚካል የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ወጣት ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ሰው፤ መነጽሯ ከፊቷ ይሰፋል። ያ ወረርሽኝ በእኛ ሰው ላይ ምን እንዳደረሰ፣ አሁንስ እንቅልፋችን፣ ሐሳባችን፣ ኑሯችን እንዴት እንደሆነ ጠይቃ፣ መንግሥት ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ልታጠና ነው። አስተርጓሚዋ ቀርቶባት በር ላይ ቆማለች፤ እኔ አጥሩ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ።

«ዕብራይስጥ ታውቃለህ?»

«እንደ ውሃ!» አልኋት። እውነቴን ነው፤ ውሃ በእጅ አይያዝም።

ከታች ጀመርን፤ ከአያ ዘለቀ ቤት። አያ ዘለቀ ወገባቸውን ታመው ከተኙ ቆይተዋል። ሚካል ደንቡን አስረዳች፦ በጣም መጥፎ ከሆነ አንድ፣ በጣም ጥሩ ከሆነ አምስት። ኑሮዎ እንዴት ነው?

አያ ዘለቀ ለእንግዳዋ ክብር ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ ወገባቸው ስላልፈቀደ ተመልሰው ወደቁና «እግዜር ይመስገን» አሉ።

«ይህ ስንት ነው?» አለች ሚካል።

ተረጎምሁላቸው። አያ ዘለቀ ተቆጡ። «ለእግዜር ስንት ልሰጠው ኖሯል? አምስት ነዋ! ሦስት ልበለው?»

አምስት ተጻፈ። ባሏ የከዳት አምስት አለች። ከሥራ የተባረረው አምስት አለ። በወረርሽኙ ሁለት ልጆች የቀበረችው ሴት፣ ልጆቹን ቆጥራ ከነገረቻት በኋላ፣ እንባዋን ጠርጋ አምስት አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉ አባቶቻችን፣ ይህን ሲሉ ራሳቸው አንድ ነገር ሳይደብቁ አልቀሩም። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ሚካል እስክሪብቶዋን እያየች «በዚህ ሕንፃ ውስጥ የከፋኝ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው» አለች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእማማን በር ላሳልፋት ሞከርሁ። «እዚህ ማንም የለም» አልኋት።

በሩ ተከፈተ። «ማነው ማንም የለም የሚለው?» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ።

ገባን። እንጀራ ቀረበ፣ ብሉ ተባለ፣ በላን። ሚካል ስለ እንቅልፍ ጠየቀች፤ አምስት። ስለ ምግብ ጠየቀች፤ አምስት። ከዚያ የፈራሁት መጣ፦ በዚያ በሽታ ከቤተሰብዎ የሞተ አለ?

«ምን ትላለች?» አሉኝ እማማ።

አንዲት እናት የልጇን ሞት ከእንግዳ አፍ፣ ለዚያውም በእኔ ምላስ፣ እንጀራ እየጎረሰች ትስማ? «አገር ቤት ሳሉ ላም ሞታብዎት ታውቃለች ወይ ትላለች» አልሁ።

እማማ ፊቴን አዩት። አዩት፣ አዩት፤ ከዚያ ወደ ሚካል ዞሩና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አንዲት ላም ነበረችኝ። እኔ ገበያ ውዬ ሳለ ሞተች። ጎረቤቶቼ እንዳላዝን ብለው ቀበሯትና ‹መስክ ላይ ናት› አሉኝ። ደጎች ናቸው፤ እኔም እሺ አልሁ። ጥጃዋ ግን ትጮኽ ነበር። ጥጃን ማን ያታልላል?»

«ምን አለች?» አለች ሚካል።

«የለም አሉ።»

«ያን ሁሉ ተናግራ?»

«የአማርኛ ‹የለም› ረጅም ነው።»

ሚካል ተጠራጠረች፤ ግን እንግዳ ናትና አለፈችው። የመጨረሻው ጥያቄ፦ መንግሥት ምን ቢያደርግልዎ ይወዳሉ? እፎይ አልሁ። ይህማ ምን ክፋት አለው? ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምሁት።

እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። «መርዶ የሚያረዳ ሰው ይላክልኝ» አሉ። «የእኔዎቹ አቃታቸው።»

የጎረስሁት አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። «እማማ... ማን ነገረዎት?»

«አንተ።»

«እኔ? ኧረ በሞቴ! ትንፍሽ አላልሁም!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ስትቀልድብኝ ከርመህ አንድ ቀን ‹በቅርቡ ይመጣል› አልኸኝ፤ እጅ ነሥተህ፣ እንደ ጨዋ ሰው። ከዚያ ጫማህን አውልቀህ በበሬ ታልፋለህ። አንተን ጨዋ ያደረገህ ምን ሊሆን ይችላል? ያን ዕለት ልጄ እንደሌለ አወቅሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ሳልረዳ ላልቅስ? ሰው ሳይሰበሰብ፣ ነጠላዬን ሳልዘቀዝቅ፣ ብቻዬን ግድግዳ ይዤ እንደ እብድ? ደግሞም ለእኔ ስትሉ እንዲያ እየደከማችሁ፣ ድካማችሁን ላፍርሰው? ስንት ማለዳ ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ጠበቅኋችሁ። የሚያንኳኳ የለም።»

«ምን አለች?» አለች ሚካል።

እኔ የተረፈውን እንጀራ መሰብሰብ ጀመርሁ። እማማ እንግዳዋ እንደተጨነቀች ባዩ ጊዜ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉና «ሀኮል በሴደር፣ ልጄ። ሀኮል በሴደር» አሏት።

ሚካል እሳቸውን አየች፤ እኔን አየች። በመጨረሻ ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ የዕብራይስጥ ፊደል ለእኔ የተበተነ ገብስ ነው። ብቻ ከዚያ ስንወጣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ የቀሩትንም በሮች አላንኳኳችም። ጥናቱ ኋላ ተጠርዞ ወጣ አሉ። የቂርያት ጋት ሰዎች በጠቅላላው ደህና ናቸው ይላል አሉ። እኛ እንደሆነ የተጠየቅነውን መልሰናል።

ለሽማግሌዎቹ የሆነውን ነገርኋቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሰበብ የሚባል ነገር አልተገኘም። ወንድምየው ከአፉላ መጣ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የእኛ የአይሁዶቹ ቄስ ከፊት፣ ወንድምየው ቀጥሎ፣ ሕንፃው በሙሉ ከኋላ ሆነን ደረጃውን ወጣን። እኔ ከሁሉ መጨረሻ ነበርሁ፤ ያን ቀን ጫማዬን አላወለቅሁም።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። እማማ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሳሎኑ ባዶ ተደርጓል፤ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ለለቅሷቸው ራሳቸው አሰናድተው ነበር።

ገብተን ቆምን። ወንድምየው «ማንጠግቦሽ...» አለና ድምፁ ተሰበረ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ፤ መሬት መሬት አዩ። ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ወር የቋጠረውን አንዲት ቃል የሚፈታው ጠፋ። እማማ አንድ በአንድ ፊታችንን ቃኙና ከሰው ኋላ እኔን አገኙኝ።

«አንተ ቀልማዳ፣ ና ወዲህ።»

ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ፊታቸው ሄጄ ተንበረከክሁ።

«ፈንታሁን የት ደረሰ?»

ዕድሜ ልኬን እውነት ሲያንስብኝ ስጨምርበት ኖሬአለሁ። ያን ጠዋት የሚጨመር አልነበረውም።

«አሰረ፣ እማማ። ሁለቱንም አስሮ ሄደ።»

ያኔ አለቀሱ።

እግዜር ይመስገን።