በሪባን ምክንያት የሞትኩ ዕለት

ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም የጠራ ሰው፣ የትም ይሁን የት ተይዞ መታሰር አለበት! አትሳቁ... እኔ በዚህ ጣጣ ሞቻለሁ። "ሞቻለሁ" ስል ደግሞ እናንተ "በሳቅ ሞትኩ" እንደምትሉት ዓይነት አይደለም። የኅሊና ጸሎት ተደርጎልኝ፣ ልቅሶ ተደርሶልኝ፣ በቦታዬ ሌላ ሰው እንዲቀጠር ተፈቅዶ የሞትኩ ሴት ነኝ። ይኸው ደግሞ ቁጭ ብዬ እጽፍላችኋለሁ።

ባቡሩ ገና በአቃቂ በኩል እያፏጨ ወደ ድሬዳዋ በሚመላለስበት ዘመን፣ ከጣቢያው ብዙም በማይርቅ የጃንጥላ ፋብሪካ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ፋብሪካው ትንሽ ነው፤ ታይፒስቷም አንድ፣ ታይፑም አንድ። ታይፕ ማለት... በኮምፒውተር ዘመን የተወለዳችሁ ልጆች ታገሡኝ፤ መኪናው የራሱ ቀለም የለውም። ቀለሙ ያለው በዘይትማ ቀለም የተነከረ፣ ስፋቱ ጣት የሚያህል የጨርቅ ጥብጣብ ላይ ነው። ሪባን ይባላል። በሁለት ትንንሽ ቆርቆሮዎች ላይ ተጠቅልሎ፣ ቁልፉን በመታችሁ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ይንፏቀቃል። የብረቷ ፊደል ተወርውራ ጨርቁን ወረቀቱ ላይ ስትደፍቀው ጽሑፍ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ ይመለሳል፤ እንደ ባቡራችን እዚያው መስመር ላይ ሲመላለስ ነው የሚያረጀው። ላይኛው ወገን ጥቁር፣ ታችኛው ቀይ።

የእኛ ሪባን አርጅቶ ነበር። ማርጀት እንኳ ለሱ ክብር ነው፤ ቀለሙ አልቆ፣ ጨርቁ ሳስቶ፣ አራት ነጥብ የመታሁ እንደሆነ ወረቀቱ ይበሳል እንጂ ቀለም የሚባል አይነካውም። ምን ያላደረግኩት ነገር አለ? ገልብጬዋለሁ። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጌበት ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ለጥቂት ቀን ነፍስ ዘራና ደብዳቤዎቻችን ሁሉ እንቁላል የተጠበሰባቸው ይመስሉ ጀመር። መጨረሻ ላይ ወደ ቀዩ ዞርኩ። የመጀመሪያው ቀይ ደብዳቤዬ ለአንድ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ መስጠቻ ነበር። ሰውየው ቀዩን አይቶ፣ ተባረርኩ ብሎ፣ ሳያነበው በር ላይ ተዘረረ! አለቃዬ አቶ ግርማቸው መጥተው፣

"ጸዳለ፣ ሁለተኛ በቀይ እንዳትጽፊ!" አሉኝ።

"ጥቁሩ ሞቷል እኮ፣ አቶ ግርማቸው።"

"እንግዲያው አስነሺው!"

እንዲህ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ አንድ ምኞት ነበራቸው፦ ከአቃቂ ተነሥተው ከተማ መሀል ወዳለው ዋናው መሥሪያ ቤት መዛወር። በዚያ ሰሞን ደግሞ ምኞታቸው በር ላይ ቆሞ ነበር። አዲስ የጃንጥላ መገጣጠሚያ አዳራሽ ሠርተን ጨርሰናል፤ ሊመርቁልን ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልቁ ሰውዬ ራሳቸው ሊመጡ ነው። ስማቸውን ተዉት፤ እኛም "ትልቁ ሰውዬ" ነበር የምንላቸው። ሁለት ነገር ይወራባቸዋል። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ አይታገሡም። ካረማቸው ሰው ጋር ደግሞ ዳግመኛ አይነጋገሩም።

እንግዲህ ለምርቃቱ የአቶ ግርማቸው ንግግር በታይፕ መመታት አለበት። እሳቸው ደግሞ ከወረቀት ካላነበቡ "እንደምን አደራችሁ" ማለት እንኳ የሚያልባቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ ድሬዳዋ ላለው ዕቃ ገዢያችን፣ ለአቶ ሻውል ስልክ ደወልኩ። ያኔ ድሬዳዋ የማይገኝ ነገር አልነበረም።

"ሪባን ይላኩልን!" ብዬ ጮህኩ። የዚያን ዘመን ስልክ ካልጮሁበት አይሰማም።

"ሪባን! እሺ፣ ገባኝ!" አሉ አቶ ሻውል።

በማግሥቱ አቶ ግርማቸው ሳይነግሩኝ እሳቸውም ደወሉ። "ሪባን ላክልን!"

"ትናንት ጸዳለ ጠይቃኝ የለ እንዴ?"

"የሷ ሌላ ነው፣ የኔ ሌላ!"

የሳቸው ምን መሰላችሁ? ትልቁ ሰውዬ በመቀስ የሚቆርጡት፣ በር ላይ የሚዘረጋው የምርቃት ሪባን! አቶ ሻውል ጎበዝ ሰው ናቸው፤ ሁለቱንም ገዙ። በሁለት እኩል ካርቶን አሸጉ። በሁለቱም ላይ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ "ሪባን" ብለው ጻፉና ባቡር ላይ ጫኑ።

ባቡሩ ዘግይቶ የደረሰው በምርቃቱ ዕለት ጧት ነው። ካርቶኖቹን ከጣቢያ ያመጡት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ጋሽ ቶላ ናቸው። ጋሽ ቶላ፣ ኮዬ ፈጬ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ እዚያ የተወለዱ፣ የታዘዙትን ሳያጓድሉ የሚፈጽሙ ሽማግሌ ናቸው። አቶ ግርማቸው እንግዳውን ለመቀበል ዋናው መንገድ ዳር ቆመዋል። ለጋሽ ቶላ ትተውላቸው የሄዱት ትእዛዝ ይኸውላችሁ፦

"አንዱን ለጸዳለ ስጥ። አንዱን በር ላይ ዘርጋ።"

አንዱን! እስቲ እናንተ ፍረዱ...

ካርቶኔን ስከፍት መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ ሐር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልንገራችሁ? መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "የፈረንጅ ሥራ! ሪባኑን አሻሻሉት!" የሚል ነበር። ታይፑ ውስጥ ላስገባው ታገልኩ እኮ! ሐሩ መኪናውን እንዳለ ሸፍኖት ታይፑ ሙሽራ መሰለ። ያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ሐሩን በክንዴ አቅፌ እየተጎተተብኝ ወደ አዳራሹ በረርኩ።

ስደርስ... ወይ ጉድ! ጋሽ ቶላ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ጥብጣቡ ቀጭን ስለሆነባቸው ደጋግመው አዙረው፣ ከአንዱ መቃን ወደ ሌላው እያመላለሱ በሩን እንደ ሸረሪት ድር አጥረውታል። ቀዩ ጠርዝ ተጠምዝዞ ጠፍቶ የሚታየው ጥቁሩ ብቻ ነው። ጥቁር በር! እጃቸው ጥቁር፣ ላባቸውን የጠረጉበት ግንባር ጥቁር።

"ጋሽ ቶላ! ምን አደረጉ?"

"ዘረጋሁ ነዋ! ቀለሙ ግን ገና አልደረቀም መሰለኝ፣ ልጄ።"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ መኪናው አቶ ግርማቸውንም ይዞ ደረሰ። ትልቁ ሰውዬ በነጭ ሙሉ ልብስ ወረዱ። በሩን አዩ። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አቶ ግርማቸውን፣

"ማን ነው?" አሏቸው።

አቶ ግርማቸው እንኳን የተመታ ንግግር ቁራጭ ወረቀት በእጃቸው የለም። በሩን አይተው ደንዝዘዋል። "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ... ግርማቸው" አሉ።

"የሞተውን ነው የምጠይቅህ!"

አቶ ግርማቸው ዓይናቸው ሲንከራተት እኔን አገኘ። እንዳስረዳላቸው ሊያስተዋውቁኝ ፈልገው መሰለኝ፣ "ታይፒስታችን ጸዳለ..." ብለው ጀመሩ።

"ነፍስ ይማር!" አሉ ትልቁ ሰውዬ። ከዚያ ወዲያ ማን ይናገር?

"አይ ጌታዬ፣ ጸዳለ እንኳ..."

"አውቃታለሁ! ፊቷን ባላየውም በጽሑፏ አውቃታለሁ። ከዚህ የሚመጣልን ደብዳቤ ከወር ወር እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ ሲሄድ... ይህች ልጅ ታማለች ብዬ ጠርጥሬ ነበር። በመጨረሻ በመጣው ደብዳቤ ላይማ ከነጥቦቹ ቀዳዳ በቀር ምንም አልነበረም። አቅም አጥታ!" መሐረብ አወጡ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። ሮጬ ስለመጣሁ አለከልካለሁ፤ በንዴት ዕንባዬ መጥቷል። "አንቺ እህቷ ነሽ?"

አቶ ግርማቸውን አየሁ። በሰው ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ልመና ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። የሦስት ልጆች አባት ናቸው...

"አዎ" አልኩ።

"ቁርጥ እሷን!" አሉ፣ ፊቷን አይተው የማያውቁት ሰውዬ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። የኅሊና ጸሎት ታዘዘ። የፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ አንገቱን ደፋ። እኔም ለራሴ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ምን ይታሰባል በዚያ ሰዓት? እኔ ያሰብኩት ምሳዬን ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ትቼው መምጣቴን ነው። ከኋላዬ፣ ዘወትር ጽሑፌን ስትነቅፍ የምትውለው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። "ኧረ አለሁ!" ብላት፣ "ዝም በይ፣ ጸሎት ላይ ነን!" አለችኝ።

ጸሎቱ ሲያልቅ መቀስ በትሪ ቀረበ። ትልቁ ሰውዬ ቆረጡ። ተወጥሮ የነበረው ጥብጣብ ተፈትቶ በነጩ ልብሳቸው ላይ ተጠመጠመ። ለማላቀቅ በጎተቱት ቁጥር ትከሻቸው፣ ደረታቸው፣ አንገታቸው ጠቆረ። በዚያው እጃቸው እየዞሩ የሁሉንም ሰው እጅ ጨበጡ፤ የተጨበጠው ሁሉ ዕንባውን ጠረገ። ዘወር ብዬ ሳይ ፋብሪካው በሙሉ ፊቱ ጥቁር ሆኗል!

የሪባን ቀለም ደግሞ ዘይት ነው፤ ውሃ አይፈራም። በሳሙና ባሹት ቁጥር ይሰፋል እንጂ አይለቅም። አንድ የባቡር ሠራተኛ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ "በላምባ ሞክሩት!" ባይለን ኖሮ እስካሁን እንደዚያው ነበርን። በላምባ ታጠብን፤ በላምባ ሽታ ግብዣው ቀጠለ። ያን ቀን አንድ ሰው ሲጋራ አቀጣጥሎ ቢሆን ዛሬ አቃቂ የሚባል ሰፈር አይኖርም ነበር።

ማታ አቃቂ በሰቃ ቤታችን ገብቼ ገና ጫማዬን ሳወልቅ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። የዕድራችን ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። ፊት የነበሩት እትዬ ብርቄ እሪ ብለው ወደ ኋላ ወደቁ።

"ማን ሞተ ተብሎ ነው?" አልኩ።

"አንቺ!"

"እኔማ አለሁ።"

"ካለሽ ለምን ቀድመሽ አልላክሽብንም? ድንኳኑ እኮ በጋሪ እየመጣ ነው!" ብለው ተቆጡኝ። ያዘጋጁት እህል ይበላሻል ተባለና ገብተው ቁጭ አሉ። ተበላ፣ ተጨዋወትን። እናቴ ስትሸኛቸው ከልማድ ብዛት "እግዜር ያጥናሽ" ያላለቻት አንዲትም ሴት አልነበረችም።

አቶ ግርማቸው ነገሩ ሲበርድ እውነቱን ይናገሩ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዴት ብለው! ትልቁ ሰውዬ "ለአንዲት ታይፒስት በሩን ጥቁር ያለበሰ ኃላፊ!" እያሉ በየስብሰባው ያመሰግኗቸው ገቡ። ዝውውራቸውም ተፈቀደ። በሟቿ ምትክ ሌላ ታይፒስት እንዲቀጠርም ትእዛዝ መጣ። አቶ ግርማቸው አስጠሩኝ።

"ጸዳለ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?"

"ወለተ ሥላሴ።"

"በቃ! ወለተ ሥላሴ ሆነሽ ተወዳደሪ። እህት ነሽ፤ ቅድሚያ ይሰጥሻል።"

በገዛ ወንበሬ፣ በገዛ ታይፔ፣ አቶ ሻውል ዳግመኛ በላኩት አዲስ ጥቁር ሪባን ተፈተንኩ። እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ጥርት ያለ ጽሑፍ አወጣሁ። ከዚያ ወዲያ በሥራ ቦታ ወለተ ሥላሴ፣ በቤት ጸዳለ ሆኜ ኖርኩ። ጓደኞቼ እንኳ ተደናግረው ግማሹ "እህትሽ እንዴት ናት?" ይለኝ ነበር።

ከከረመ በኋላ ትልቁ ሰውዬ ለጉብኝት ተመልሰው መጡ። አጠገቤ ቆመው ስጽፍ ብዙ ተመለከቱ። ወረቀቱን ከመኪናው አውጥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ዘወር ብለው ለአዲሱ ኃላፊያችን ሰጧቸውና፣ እኔ የማልሰማ መስሏቸው፣

"መጥፎ አይደለችም" አሉ። "የሟቿን ያህል ግን አትሆንም።"