እትዬ ፍቱን ዝም ያሉ ቀን

መብራት የማያውቀው ሰፈር ይኖራል፤ ውኃ የማይደርሰው ሰፈርም ይኖራል፤ ያልተመረቀ ሐኪም የሌለው ሰፈር ግን ገና አልተቆረቆረም። ይህ ሐኪም ነጭ ጋውን አይለብስም፣ ካርድ አያስወጣም፣ «ምን ያምሃል?» ብሎም አይጠይቅም። ገና በር ስትገባ አይቶህ ያውቀዋል። ደህና ነኝ ብትለውም አይሰማህም፤ ለእሱ ደህንነት ገና ስም ያልወጣለት በሽታ ነው።

የእትዬ ፍቱን ጠበቃ መንግሥት ለችግረኛ ተከሳሾች የሚመድበው ሰው ነውና ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቷል። የሚዋሽ፣ የሚያለቅስ፣ ጠበቃውን ራሱን የሚሰድብ ገጥሞታል። እትዬ ፍቱንን የመሰለ ግን አልገጠመውም። ገና ቢሮው ገብተው ሳይቀመጡ የአይኑን ቆብ ገልብጠው ደም እንደሚያንሰው ነገሩት።

ጡረታ የወጡ የስልክ ቤት ሠራተኛ ናቸው። «ፍቱን» ያላቸው ሰፈሩ ነው፤ መጀመሪያ ለሹፈት፣ ኋላ ከልቡ። የእጅ ቦርሳቸው ከቁልፍና ከመነጽር ይልቅ በየመሐረቡ የተቋጠረ ክኒን ይበዛበት ነበር፤ ነጩ ለወገብ፣ ቀዩ ለራስ፣ ቢጫው «ለሁሉም»። የሚሰጡትም በአንዲት ቃል አጅበው ነው፤ «እኔን ያዳነ አንተን አይገድልም።»

የሚኖሩበት ሕንፃ ጥበቃ ጥርሱን ቢያመው የደም ግፊት ክኒን ሰጥተውት በሩን እንደተደገፈ ተዝለፈለፈ። ሲነቃ ስለ ጥርሱ ማንሳቱን ረሳ፤ ክብርት ሐኪማችንም ይህን በድላቸው ላይ ደመሩት። ፀጉር ሠሪዋ ለሚያሳክካት እጇ የተሰጣትን ክኒን ውጣ፣ የደንበኛዋን ግማሽ ራስ ሠርታ ግማሹን ሳትሠራ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣላት። እትዬ ፍቱን ሲነገራቸው፣ ለጀማሪ ግማሹ ይበቃ ነበር፣ ስህተቱ የመጠን ነው ብለው አመኑ። የሚገርመው፣ ሲሳሳቁባቸው የሚውሉት ሁሉ ሲያማቸው የሚያንኳኩት የእሳቸውን በር ነበር። ሐኪም ቤቱ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እሳቸው ወንበር ይሰጣሉ።

ነገሩ የከፋው ባላቸው በአጥንት ካንሰር ከሞቱ በኋላ ነው። ለሟቹ የታዘዘው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ተርፎ ቀረ፤ በጥብቅ ቁጥጥር የሚሰጥ፣ ከታዘዘለት ሰው እጅ መውጣት የሌለበት ዓይነት ነው። መልሱ ተብለው ነበር። የሟቹን ልብስ አውጥተው ሰጡ፣ ጫማቸውን ሰጡ፣ ክኒኑን መመለስ ግን አልሆነላቸውም። በስቃይ ከርመው ለነበሩት ባላቸው እንቅልፍ ያመጣላቸው እሱ ብቻ ነበርና እንደ ባለውለታ ቆጠሩት።

ከዚያም ከእሳቸው በታች የሚኖረው ልብስ ሰፊ በዚያው በሽታ ወደቀ። የታዘዘለት ማስታገሻ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋ። ሲያቃስት ድምፁ በደረጃው እየወጣ የየሰዉን በር ያንኳኳ ነበር። አንድ ጠዋት ድምፁ ቆመ። አስከሬኑን ሊያነሱ የገቡ ሰዎች ትራሱ ሥር በእትዬ ፍቱን ባል ስም የተጻፈበት የክኒን ማሸጊያ አገኙ።

ፖሊስ መጣ፣ ቦርሳው ተከፈተ፣ ቋጠሮው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፈ። ያን ሁሉ ክኒን በየመሐረቡ ያየ መርማሪ ሻጭ የያዘ ቢመስለው አይፈረድበትም። የአስከሬን ምርመራው በሽታው ይግደለው ክኒኑ መለየት ስላልቻለ የግድያ ክስ አልተመሠረተም። የተከሰሱት ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት ያለ ፈቃድ በመሸጥና ለሌላ ሰው በመስጠት ነው።

የጠበቃው ምክር አጭር ነበር፤ ምንም አይናገሩ። እትዬ ፍቱን እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወዲያውም መርማሪውን ስለ ኩላሊቱ አስጠነቀቁት። የችሎቱን ጸሐፊ ስለ አቀማመጧ ገሠጿት። ክሱ በሚነበብበት ቀን ዐቃቤ ሕጉ ቢያስለው፣ ከተከሳሽ ቦታ ሆነው የሳሉ መነሻ ደረት ሳይሆን ሆድ መሆኑን ለችሎቱ አስረዱ። ጠበቃው አንገቱን ደፋ። በዋስ ወጥተው በከረሙባቸው ወራት የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝምታ።

የሽያጩ ክስ ጠበቃውን ሳያስቸግረው ወደቀ። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ የቀረበው ጥበቃው፣ እንኳን ሊሸጡለት አልወስድም ሲላቸው ያኮርፉት እንደነበር ሲመሰክር ዳኛዋ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። የቀረው መስጠታቸው ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ ቅጣቱን ግን ማቅለል ይቻላል። ልብስ ሰፊው ለምኗቸው ይሆን? ማን አደረሰለት? ጠበቃው ይህን ለመጠየቅ ቤታቸው ሄደ።

እትዬ ፍቱን ዝም አሉ።

ጠበቃው መጀመሪያ አልሰሙኝም ብሎ ደገመው። እሳቸውም ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ ካስማሉት በኋላ ነገሩት። በራቸውን ያንኳኳችው የልብስ ሰፊው ልጅ፣ አባቷን ብቻዋን ስታስታምም የከረመችው አስተማሪ ናት። አባቷ ከስቃዩ ብዛት አንሶላውን እየነከሰ መሆኑን ነግራ እግራቸው ላይ ወደቀች። ክኒኑን ከእጃቸው የወሰደችው እሷ፣ ያስዋጠችውም እሷ ናት። ፖሊስ ሲጠይቃት ግን ደንግጣ አላውቅም አለች።

ጠበቃው ፊቱ በራ። ይህ ከተነገረ ዳኛዋ እንደሚራሩ አስረዳቸው።

«እሷንስ ምን ያደርጓታል?» አሉ እትዬ ፍቱን።

መዋሸት ፈልጎ ነበር፣ አልቻለም። ልትከሰስ እንደምትችል፣ ማስተማሯም ሊያበቃ እንደሚችል ነገራቸው።

«እሱስ ይቅር። ይህ በአደባባይ ከተነገረ ሁሌ አባቴን በእጄ ገደልኩት ብላ ነው የምታድረው። አሁን እኔን ትጥላ፣ ልጄ። እኔን መጥላት ይቀላታል።»

ቀጠሮው ደረሰ። አስተማሪዋ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆና ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች፣ ክኒኑ አባቷ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ እንደማታውቅ ተናገረች። መስቀለኛ ጥያቄ የማንሳት ተራው የጠበቃው ሆነ። ተነሣ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ትበቃው ነበር፤ ያቺን ማታ የማንን በር አንኳኳሽ? ዞር ብሎ ደንበኛውን አየ። እትዬ ፍቱን ራሳቸውን በቀስታ ወዘወዙ። ጠበቃው ምላሱ ጫፍ የደረሰውን መልሶ ዋጠና ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። በሙያው ዘመን እንደዚያ የከበደው ወንበር የለም።

ዳኛዋ ጥፋተኛ ካሏቸው በኋላ፣ ከቅጣቱ በፊት ተከሳሿ የሚሉት ካለ ጠየቁ። ሰፈሩ አዳራሹን ሞልቶት ነበር። ስለ ጉበቱ፣ ስለ ነርቩ፣ ስለ ልጁ ቶንሲል ስንት ንግግር የሰማ ሕዝብ ነውና ረጅም ነገር ጠብቆ ወንበሩን አመቻቸ።

«ሰጥቻለሁ፤» አሉ እትዬ ፍቱን። «ሌላ የምለው የለኝም።»

ጠበቃው ዕድሜያቸውንና ንጹሕ ታሪካቸውን ጠቅሶ እስሩ በገደብ ሆኖላቸው ቤታቸው እንዲገቡ ለመነ። ዳኛዋ ሰው መሞቱን፣ ተከሳሿም ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት አለመፈለጋቸውን ጠቅሰው የዓመት ከመንፈቅ እስራት ፈረዱ።

የጠበቃው ሥራ እዚያ ላይ አበቃ። አንድ ቅዳሜ ግን ምን እንደገፋው ሳያውቅ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ራሱን አገኘው። ሰልፉ ውስጥ አስተማሪዋ ሹራብ ታቅፋ ቆማለች። ሁለት ጊዜ እውነቱን ልትናገር ፍርድ ቤቱ በር ድረስ ሄዳ መመለሷን፣ ዛሬ ግን መቁረጧን ነገረችው። እሱ ምሏልና ሰልፉን አስቀደማት።

ከሽቦው ወዲያ የመጡት እትዬ ፍቱን ከስተዋል። እጃቸው በየመካከሉ ቦርሳ ወደሚንጠለጠልበት ጎናቸው ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። አስተማሪዋ እያለቀሰች የመጣችበትን ተናግራ ሳትጨርስ አቋረጧት።

«አባትሽ በስቃይ ሲቃጠል ቁጭ ብለሽ ብታዪው ኖሮ ነበር አንቺን መክሰስ። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት አንቺ ተማሪዎችሽ ፊት እንድትቆሚ ነው። ሂጂና ቁሚ።» ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ጠየቋት። አልፎ አልፎ አለች። ሰው ጠርታ አብራት እንድታሳድር መከሯት፤ ሌላ መድኃኒት አልጠቀሱም።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ሁለቱ ተፋጥጠው ቀሩ። ጠበቃው ጤነኛ ሰው ነው፤ ጉንፋን እንኳ ደፍሮ አይጠጋውም። እነዚያ ሥራ የፈቱ እጆቻቸው አላስችል ቢሉት ጨጓራውን እንደሚያቃጥለው ነገራቸው።

የእትዬ ፍቱን አይን በራ። በባዶ ሆድ ነው ወይስ ሲበላ? ወደ ጀርባ ይወጋል? ማታ ይብሳል? ጠበቃው በውሸቱ ላይ ውሸት እየጨመረ ሁሉንም መለሰ። ፍርዱን ለመስጠት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ቆሙ።

«ሐኪም ቤት ሂድ፣ ልጄ፤» አሉት። «ሐኪሙ ያለህን ግን መጥተህ ንገረኝ።»

ሰኞ ጠዋት ጠበቃው ምንም ያልሆነ ጨጓራውን ይዞ ሐኪም ቤት ከበሽተኞች ኋላ ተሰለፈ።