ፊልም አስቋሚው የእህቴ ባል

ፊልም በሰላም የሚያይ ቤተሰብ ካጋጠማችሁ እርግጠኛ ሁኑ፣ በመካከሉ ተንታኝ የለም። ተንታኝ የሌለበት ቤተሰብ ደግሞ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። የእኛው ተንታኝ የእህቴ ባል ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ኃላፊነት የፈጁ፣ የሪሞቱ የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር፣ ክቡር ጋሼ።

የስለላ ፊልም ነፍሳቸው ነው። ግን እንደ ሰው አያዩትም። መኪና ከድልድይ ሲወረወር ያዛጋሉ። ቆንጆዋ ሰላይ ሽጉጥ ስትመዝ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። አንዱ ለሌላው ወረቀት ሲያቀብል ግን ከሶፋው ብድግ ይሉና "ቁም!" ብለው ፊልሙን ያስቆሙታል። ቀጥሎ የታወቀው ጥያቄ ይመጣል፤ "ማን ነው የፈረመው?"

አንዴ የግድያ ትእዛዝ የተባለ ወረቀት ሲታይ አፍንጫቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፈው መረመሩና፣ "ወጪ ቁጥር የለውም! ቀን የለውም! በዚህ ነው ሰው የሚገድሉት?" ብለው ጮኹ። ለሟቹ ያዘኑ እንዳይመስላችሁ፤ ያናደዳቸው የመዝገብ አያያዙ ነው። እህቴ፣ "እባክህ ፊልሙን እንይበት" ትላለች። ማን ሰምቷት!

እኔም ለዓመታት ጥርሴን ነክሼ ቻልኳቸው፤ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ።

በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ አስጠርቶኝ ነበር። ፊት ለፊቴ የምትሠራው ባልደረባዬ ከማን ጋር እንደምትውል፣ ስለ አስተዳደሩ ምን እንደምታወራ "እንዲያው በጥቂቱ" ጽፌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። "ለራሷም ይጠቅማታል" አለኝ። የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት መሆኑንም በዚያው አነሳልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጽፌ ጨርሼ ነበር። እነእህቴ ቤት ሶፋው ላይ ስቀመጥ ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፊልሙ ላይ ሽማግሌው የሰላዮች አለቃ ወጣቱን ሰላይ "ልጄ" ብሎ ሻይ ቀዳለት። ከዚያ ስለ ጓደኛው ትንሽ ነገር እንዲጽፍለት ለመነው።

"ቁም!" አሉ ጋሼ። "ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ ሻይ ቀድቶለት ያውቃል? ደግሞ ተመልከት፣ ወረቀቱ ላይ የማን ስም ነው ያለው? የልጁ ብቻ! አለቃው የት ፈረመ? የትም! ነገ ነገር ቢበላሽ እሱ ንጹሕ ነው።"

ደረት ኪሴን በእጄ ሸፈን አደረግሁት። "ልጁ እምቢ ቢልስ ጋሼ?"

"ዕድገቱ ይቀርበታላ።"

"እሱ ባይጽፍ ሌላ ሰው ይጽፈው የለ እንዴ?"

"ይጽፋል። ያ የሌላው ሰው ጣጣ ነው።"

እህቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ጽፌያለሁ" አሉኝ። "አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ በተጋራን ጓደኛዬ ላይ። እኔ ኃላፊ ሆንኩ፣ እሱ ተባረረ። ማን እንደጻፈበት እስከ ዛሬ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም አቅፎ ይስመኛል። ልጆቼን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ደህንነታቸውን ይጠይቀኛል።"

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ወረቀቱን ብጥስጥሱን አወጣሁት።

ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ "ይህን አልችልበትም" አልኩት። ተቀመጥ እንኳ ሳይለኝ ቆሜ ወጣሁ፤ ኋላም ሹመቱ ለሌላ ሰው ሆነ። አልቆጨኝም አልልም። ግን ያንን ነውራቸውን ከዓመታት በኋላ ለእኔ ስላወጡልኝ ጋሼን እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ። ከእንግዲህ ፊልም ቢያስቆሙ ያስቁሙ፣ እንደፈለጉ ያድርጉት።

ያን ሰኞ ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ባልደረባዬ ከወረቀቶቿ ቀና አለች።

"እንዴት አደርክ?" አለችኝ።

ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት።