በርኖስ ሰፊው ባሕር ዳር ወረደ

ሰው አገር የሚቀይረው በብዙ ምክንያት ነው። አንዱ በሥራ ይዛወራል፣ ሌላዋ አግብታ ትሄዳለች፣ አንዳንዱ ደግሞ ከጎረቤቱ ተኳርፎ፣ ለማንም ሳይናገር ዕቃውን ጭኖ ይጠፋል። የእኛ ቤት ግን ከነዕቃው የተነቀለው በእናቴ ሁለት ጉልበቶች ምክንያት ነው። ሳቁ ግድ የለም። እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ።

የተወለድሁባት ከተማ ከጮቄ ተራራ ሥር ናት። እዚያ ብርድ እንግዳ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ይነሣል፣ እሳት ዳር ከሁላችንም ቀድሞ ይቀመጣል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ኖረች፤ በመጨረሻ ጉልበቷ ውስጥ ገብቶ ጎጆ ቀለሰ። መጀመሪያ መስገድ ተወች። ቀጥሎ በር መክፈት አቃታት። ሰው ሲያንኳኳ «መጣሁ!» ትልና ከመደቡ እስክትነሣ ድረስ እንግዳው የለችም ብሎ ይሄዳል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጻፈና «ይሄ ያስታግሳል እንጂ እዚህ ብርድ ውስጥ እያሉ አይሻልዎትም፤ ከቻላችሁ ወደ ሞቃት አገር ውረዱ» አላት።

«ከቻላችሁ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሐኪም በቀላሉ ይናገራታል።

አባቴ በርኖስ ሰፊ ነው። በርኖስ አይታችሁ ለማታውቁ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ካባ ነው፤ ላዩ ላይ ዝናብ ቢወርድ ውስጡ ያለው ሰው ወሬውን የሚሰማው ከሌላ ሰው ነው። ከዚህ ሥራና ከአንዲት የስፌት መኪና በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም። እናም አባቴ ከመነሣታችን በፊት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ይዞ ጠየቀ።

«ባሕር ዳር ስንት በርኖስ ሰፊ አለ?»

«አንድም የለ» አለ ሹፌሩ።

አባቴ ፊቱ በራ። «እሰይ! ገበያው የብቻዬ ነው!»

ለምን አንድም እንደሌለ የጠየቀ ሰው ከቤታችን አልተገኘም። እኔ ትንሽ ጠርጥሬ ነበር። ግን እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ የምናገረውን አሰናድቼ እስክጨርስ ድረስ ሰዎች ጉዳዩን ጨርሰው ተነሥተዋል። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ እንኳ መምህራችን ድምፄን የሰሙት ስም ሲጠሩ «አቤት» ስል ብቻ ነው።

ከመስቀል በኋላ ተነሣን። የእናቴ ወንድም ጋሼ ምሕረት እሷን በጋቢ አዝሎ መናኸሪያ አደረሳት። አውቶቡሱ ውስጥ አስቀምጧት ላቡን እየጠረገ «እቴ፣ ያ ሞቃት አገር ካላዳነሽ በዚችው ጋቢ አዝዬ እመልስሻለሁ» አላት። እሷም «ያን ጊዜ አንተም ታረጃለህ» አለችው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጣናን መጀመሪያ ያየሁ ቀን የሆንሁትን እንዴት ልንገራችሁ? ሐይቅ ሲባል ትልቅ ኩሬ ይመስለኝ ነበር። በትምህርት ቤት ካርታ ላይ በአውራ ጣቴ ሸፍኜዋለሁ። አሁን ግን ዳሩ ላይ ቆሜ ማዶውን ፈለግሁ፣ ማዶ የለውም። ሰማያዊ ነው ሲሉኝ ነበር፤ ያየሁት ግን ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ፣ ሲተነፍስ የሚታይ፣ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ፣ ከውሃው ጋር እኩል ሆኖ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀዝፋል።  «ይሄን ሁሉ ማን ያዘው? ለምን አይፈስም?» ብዬ ልጠይቅ ፈለግሁ። እንደ ልማዴ አሰናድቼ ሳልጨርስ አባቴ «ነይ፣ ዕቃ አንሺ» አለኝ።

ሽምብጥ በሚባለው ሠፈር፣ እትዬ ማሬ ከሚባሉ ሴትዮ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። አባቴ ሦስት በርኖስ ሰማያዊው በራችን ላይ ሰቅሎ የስፌት መኪናዋን አጠገቡ አቆመና ገበያውን መጠበቅ ጀመረ። ገበያውም መጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆም ብሎ፣ በርኖሱን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «አባባ፣ ይሄ ምንጣፍ ስንት ነው?» አለ።

ሕፃናቱ ከበው እጃቸውን ከበርኖሱ ሥር እያስገቡ «ይፋጃል! ይፋጃል!» እያሉ ይሮጣሉ። እትዬ ማሬ ራሳቸው በማራገቢያ ፊታቸውን እያራገቡ «እኔስ ሳየው ያልበኛል፤ ሌላ አይሰፉም?» አሉት። ሌላማ የሚሰፋ በየበሩ ሞልቷል። መኪናዋ ዝም አለች። 

መኪናዋ ዝም ስትል ግን የእናቴ ጉልበት መናገር ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። በአራተኛው ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ግማሽ ስግደት ሰገደች። ግማሽ ማለት ወርዳ መነሣቱን እኔ አግዣት ነው፤ ቢሆንም ወረደች! በዚያው ሳምንት አባቴ ለእኔና ለእናቴ «እስከ ገና ሥራ ካልተገኘ እንመለሳለን፤ ሦስት ሰው በፀሐይ ብቻ አይኖርም» አለን። እናቴ ጉልበቷን በእጇ ሸፈነች፤ እንዳይሰማ ይመስል።

በኅዳር ጽዮን እናቴ ስለት ነበረባት። ወርጄ ከሰገድሁ ሴት ወደሚገባበት አንድ የደሴት ገዳም ሄጄ ጥላ አስገባለሁ ብላ ነበር። ጎሕ ሲቀድ እኔና እናቴ ጀልባው ዘንድ ደረስን። እናቴ የደጋ ሰው ናትና ጠዋትን አታምንም፤ በርኖሷን ለብሳ፣ እኔንም አልብሳ፣ ሌሎች ሁለት «ለመቀመጫ» ብላ አሸክማኛለች። ተሳፋሪው ሁሉ በስስ ነጠላ ነው። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ ያለች ወጣት ሴት አይታን አፏን ያዘች።

«እማማ፣ ወደ ገዳሙ ነው ወይስ ወደ ጮቄ?»

ባለ ጀልባው ካሴ የሚባል የሐይቁ ዳር ከተማ የቁንዝላ ልጅ ነው፣ በባዶ እግሩ፣ ሸሚዙ እስከ ደረቱ ተከፍቶ። እሱ ደግሞ ቀጠለ፣ «ተያቸው፤ ጉማሬው ሲያያቸው ዘመዶቼ መጡ ብሎ ያሳልፈናል!»

ጀልባው በሳቅ ተናወጠ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ መሬት ግን አልነበረችም። እናቴ «ሳቁ ልጆቼ፣ ሳቅም ያሞቃል» አለች።

መሐል ስንደርስ ዳሩ ጠፋ። በአራቱም አቅጣጫ ውሃ ብቻ። ፀሐይ ከውሃው ውስጥ እየታጠበች ወጣች፤ ሰማዩ የት እንዳለቀ ውሃው የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። ይብራ የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች በመስመር ሆነው ከፊታችን አለፉ። ሳቁም፣ ወሬውም በአንድ ጊዜ ቆመ። አንድ ካህን «ግሩም ግብርከ፤ ሥራህ ግሩም ነው» አሉ ቀስ ብለው። እኔ ያን ጊዜ ዓይን አፋርነቴን ረሳሁ፤ በዚያ ሁሉ ፊት ያላፈረ ሰው አልነበረምና።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ የጀልባውን አፍንጫ እየመታ ውሃውን በላያችን ይረጨው ጀመር። ስስ ነጠላ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ አለመልበስ ይሻላል። ያቺ ሠራተኛ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። እናቴ የመቀመጫውን በርኖስ አንሥታ አለበሰቻት፤ ሁለተኛውን ለካህኑ ሰጠች። ማንም ስለ ጉማሬው አላነሣም።

ካሴን አየሁት። መሪውን የያዘው እጁ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል። ለመናገር አፍራለሁ እንጂ ለመነሣት አላፍርም፤ የራሴን አውልቄ ከኋላ ትከሻው ላይ ጣልሁለት። ጥቂት ሞቀና ዞሮ አየኝ።

«የኔ እኅት፣ ይሄን ማን ሠራው?»

ወደ እናቴ ዞርሁ፣ እንድትመልስልኝ። እናቴ ሐይቁን እያየች ነው። የሰማች አትመስልም፤ ግን አውቃታለሁ፣ ሰምታለች። ጀልባው ሙሉ ሰው ይጠብቀኛል። አባቴ «እስከ ገና» ያለው ትዝ አለኝ። የእናቴ ግማሽ ስግደት ትዝ አለኝ።

«አባቴ» አልሁ።

«የት ነው ቤታችሁ?»

«ሽምብጥ። ሰማያዊ በር። በርኖስ ተሰቅሎበታል።»

በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው የተናገርሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው። ሲያልቅ ከነፋሱ ይልቅ እሱ አደከመኝ።

ጥላውን አስገብተን ተመለስን፤ በማግሥቱ ካሴ መጣ። በርኖሴን ሊመልስ ነው ብዬ በሩን ከፈትሁ፤ ለካ ለብሶት ነው። ዋጋውን ሊከፍል እንጂ ሊያወልቀው አልፈለገም። አንድ እቅፍ አሣና ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ነበር። እነሱ በሌላው የሐይቁ ዳር ላሉት ለደልጊ ባለ ጀልባዎች ነገሩ፤ ደልጊዎች በሌሊት መረብ ለሚጥሉት ነገሩ። ሁሉም «አጭር ይሁን፣ ጫፉ ውሃ እንዳይነካ» ስላሉ አባቴ እስከ ወገብ ቆረጠው። ለካ ገበያው ኖሮ ኖሮ ውሃው ላይ ነበር፤ እኛ መንገድ ዳር ቆመን እንጠብቀዋለን። አባቴ ግን ከጅምሩ ያወቀ መስሎ «ገበያው የብቻዬ ነው አላልሁም?» ይለናል። እኛም «ብለሃል» እንለዋለን።

ገና አለፈ፤ አልተመለስንም። ለጋሼ ምሕረት ደውለን «ሁሉ ደኅና ነው» ብንለው አላመነም፤ ሰው ስልክ ላይ ሁልጊዜ ደኅና ነው ይላል። ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። «መጣሁ!» አለች እናቴ። ጋሼ ምሕረት ለረጅም ጥበቃ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ሳይጨርስ በሩ ተከፈተ። እናቴ ፊቱ ቆማለች።

እሱ የያዛት ያቺው ጋቢ ናት። አዝሎ ሊመልሳት ነበር የመጣው። ጉልበቶቿን አየ፣ ፊቷን አየ፣ እንደገና ጉልበቶቿን አየ። ጣናን ያየሁ ቀን እኔም እንደዚያ ነበርሁ።

ሲገባ ሦስታችንም በርኖስ ለብሰናል። አራት ወር ሞቃት አገር የከረመ ሰው የጥር ጠዋት አይችልም። ጋሼ ምሕረት በሸሚዝ ብቻ ተቀምጦ «ብርዱን በጆንያ ጭናችሁት ነው እንዴ የወረዳችሁ?» አለና እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አባቴን «አንተ ከሄድህ ጀምሮ አገሩ በርኖስ ሰፊ አጥቷል» አለው።

በሦስተኛው ቀን፣ እናቴን ባዘለባት ጋቢ አራት በርኖስ አዝሎ ወደ ጮቄ ወጣ። ሞቃት አገር ለብርድ አገር ልብስ ላከ። እኔ ምን ልበላችሁ፣ የሆነው እንደዚህ ነው።

እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችው። በእግሯ።