የእምብርቴ ቁስልና ጠያቂዎቹ

እኛ አገር የታመመ ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው መታመም፣ ሁለተኛው መታመሙን ማሳመን። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይችለዋል፤ እናንተም ሳትሞክሩት አትቀሩም። ሁለተኛው ግን ቁስል ይፈልጋል። ቁስሉም ከበር ሆነው ሲያዩት «እግዚኦ!» የሚያሰኝ ቢሆን ይመረጣል።

እኔ ማሳመኑን አልተማርሁም። አባቴ ሞቶ የቤታችን ክዳን በረገፈበት ዓመት፣ ለክዳን የሚሆነው የጋራ የጓሳ ሣር እንዲታጨድ የሚፈቀድበት ቀን ሲቃረብ፣ ማጭድ ቅልጥሜን ቆረጠኝ። በተፈቀደው ቀን ያልተገኘ ሰው እንደገና እስኪፈቀድ ቤቱ ሲያፈስበት ይኖራል። ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሰው ሳልለይ አጨድሁ። ማንም አላወቀም። ስለዚያ ቁስል ይኸው ይበቃል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ሞልቶ አዲስ አበባ የሄደው። ዘመኑ አንድ ለአምስት የተደራጀንበት ነበር፤ ወሬ ግን ያኔም አንድ ለመቶ ነው የሚደርሰው። ሐኪሞቹ ሆዴን እንደ ድሮው አልቀደዱትም። አራት ትናንሽ ቀዳዳ በስተው፣ በካሜራ እያዩ፣ ከረጢቱን በእምብርቴ በኩል አወጡት። «እስኪደርቅ ውኃም እጅም አይንካው፤ ከቀላ ወይም ካተኮሰዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» ብለው ሸኙኝ።

አገሬ ሞላሌ ስገባ ገብሴ ደርሶ ነበር። ጎረቤቶቼ በደቦ ሊያጭዱልኝ ወጡ። እኩሌታውን አጭደው ለምሳ ሲገቡ ዙሪያዬን ተቀመጡ።

«እስቲ ግለጠው» አሉ ሽማግሌው አያ ሽፈራው።

ፋሻውን ገለጥሁ። አጎንብሰው ፈለጉ።

«የታለ?»

«ይኸው፣ እምብርቴ ላይ።»

«ይቺ? እኔን ትናንት የወጋኝ እሾህ ከዚች ይሰፋል! ለዚች ነው ወገባችን የሚቆረጠው?»

ደቦው ሁሉ ሳቀ። ሳይታመም ገብሱን አሳጨደ እንዳልባል «ንኩት፣ ከውስጥ ይጠጥራል» አልሁ። ይህን ያልሁት ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔው ነኝ። የገብስ አቧራ የጠጣ ጣት ሁሉ በየተራው እምብርቴን ጎበኘ።

በአራተኛው ቀን ቀላ። በአምስተኛው መግል ያዘ። ትኩሳቱን እንደ ልማዴ በጋቢ ሸፈንሁት። ባለቤቴ በላይነሽ ግን ሸሚዜን ልታጥብ ስታነሳ አሸተተችው።

«አንተ ሰው፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይሸትም! አንተ ከሞትህ ገብሱን ማን ሊበላው ነው?»

ብላ አለቀሰች። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ «ያመኛል» አልሁ። እንደፈራሁት አልከበደም።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሐኪሟ ቁስሉን ከፍታ መግሉን አወጣች፣ አጠበች፣ መድኃኒት አዘዘች።

«ማን ነካው?»

«ደቦው።»

ቁስሉ በክር ሳይሰፋ ክፍቱን ስለተተወ፣ ሞልቶ እስኪደርቅ ሳምንታት ፈጀ። ሰፋ ያለ ጠባሳም ተወልኝ። አያ ሽፈራው ሲያዩት ደስ አላቸው። «አሁን ገና ኦፕራሲዮን ሆነ!» አሉኝ።

በዓመቱ የሐሞት ጠጠር እሳቸውንም ያዛቸውና በዚያው ዘዴ አስወጥተው መጡ። ልጠይቃቸው ሄድሁ። ገና ሳልቀመጥ ልብሳቸውን ገለጥ ሲያደርጉ፣ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ ጣራ ጣራውን አየሁ። ከዚያም በር ላይ ተቀምጬ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ «አይገለጥም!» ስል ዋልሁ።

ቁስላቸው በሳምንቱ ደረቀ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል። «ሊጠይቀኝ መጥቶ ቁስሌን እንኳ ሳያይልኝ ሄደ» እያሉ ያሙኛል አሉ።

ይሙኝ። የሚያሙኝ ገብሳቸውን እያጨዱ ነው።