ሃያ ፈረስ በኮልፌ ዳገት

ገረሱ፦ ሃያ ፈረስ ካላት ታዲያ፣ አንዱ ቢያነክስ እንኳ አስራ ዘጠኙ አይጎትቷትም?

መሸሻ፦ ፈረስ የለም አልኩህ!

ገረሱ፦ አሁን አይደል እንዴ ሃያ አለ ያልከኝ?

መሸሻ፦ የፈረስ ጉልበት ነው ያልኩህ። ጉልበቱ አለ፣ ፈረሱ የለም።

ገረሱ፦ ጉልበቱ ካለማ ለምን ቆመች?

መሸሻ፦ (ቀና ሲል ራሱን ከኮፈኑ ጋር አጋጭቶ) ኡፍፍ! ለምን እንደቆመች ባውቅ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?

ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ነው። የሲኞር ፓልሚ መኪና ኮልፌ ገበያን አልፋ ዳገቱን እንደጀመረች ሳል ሳል አለችና መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ሲኞር ፓልሚ እንጨት ነጋዴ ነው። መኪናዋ ሚስትና ልጆቹን እሁድ እሁድ የሚያዞርባት፣ ከአገሩ አሮጌ ሆና በመርከብ የመጣች ናት። የሚነዳት ራሱ ነው። የሚያጥባት መሸሻ ግን ራሱን በራሱ መካኒክ አድርጎ ሾሟል፤ አስተርጓሚም እኔ ነኝ ይላል። ኋላ ኋላ ይህን ቀን ሲያወራ፣ «ያን ጊዜ ከመኪናም ከጣልያንኛም የማውቀው ስሙን ብቻ ነበር» እያለ በራሱ ይስቅ ነበር። ገረሱ ደግሞ የሲኞሩ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ለዕለቱ አብሮ ተጭኗል፤ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ካልነገሩት አይገባውም ይባላል። ይህን ያስወራበት ከማንም በላይ መሸሻ ነው።

(ሲኞሩ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ እየመታ ይጮሃል፦ «ሱቢቶ! ሱቢቶ!»)

ገረሱ፦ ምን አለ?

መሸሻ፦ «ቀስ ብለህ ሥራ፣ አትቸኩል» ነው ያለኝ።

ገረሱ፦ ሰዓቱን እየደበደበ?

መሸሻ፦ እነሱ ሲረጋጉ እንደዚያ ነው። ይልቅ እይና ተማር። አሮጌ መኪና ስትቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካንዴላ ነው። አራት ሲሊንደር አላት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ካንዴላ። ካንዴላ ማለት በነሱ አፍ ሻማ ማለት ነው።

ገረሱ፦ በጠራራ ፀሐይ ሻማ?

መሸሻ፦ ውስጡ ጨለማ ነዋ! (አንዱን ፈትቶ ያወጣል) አየኸው? ጥላሸት ለብሷል። ቤንዚኑ ይገባል፣ ይሄ ብልጭ ይላል፣ ቤንዚኑ ይነድዳል፣ ፒስተኑን ይገፋል፣ ጎማው ይዞራል። ጥላሸት ከያዘው ግን አይበራም።

ገረሱ፦ (ኪሱን እየዳበሰ) ክብሪት ይኸው።

መሸሻ፦ ወዲያ! ቤንዚን አጠገብ ክብሪት? ልታነድደን ነው እንዴ?

ገረሱ፦ አልነድድ ብሎ አይደል የቆምነው?

 መሸሻ እንደ ልማዱ ወዲያው ሥራ በዛበት። አራቱንም ካንዴላ ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠራርጎ መልሶ አሰረና ገረሱን ከመሪው ፊት አስቀመጠው።

መሸሻ፦ እኔ ማኖቬላውን ከፊት ሳዞር አንተ በእግርህ ቤንዚን ትሰጣለህ። ሌላ ነገር እንዳትነካ!

ገረሱ፦ እግሬን ብቻ።

(መሸሻ የሞተር ማስነሻውን ብረት ከፊት ሰክቶ በሙሉ ኃይሉ ያዞራል። ሞተሩ ትንፍሽ አይልም። ብረቱ ያመልጠውና ጉልበቱ ከመኪናዋ አፍንጫ ጋር ይጋጫል።)

ገረሱ፦ እንግዲህ ሃያ አንድ ጉልበት ሆነ ማለት ነው።

መሸሻ፦ (ጉልበቱን እያሸ) ዝም በል! ገባኝ፣ ሙቀት ነው። የዚች ራዲያተር አርጅቶ ያንጠባጥባል፤ ዳገት ስትወጣ ውሃዋ ያልቅና ሞተሩ ይታፈናል። ባልዲውን ያዝና ከወንዙ ውሃ አምጣ። ሩጥ!

(ገረሱ ባልዲውን ይዞ ይሮጣል። ወንዙ ወደ ታች ነው፤ እሱ የሚሮጠው ወደ ላይ፣ ወደ መንደሩ ነው።)

መሸሻ፦ ኧረ ወንዙ በዚህ ነው! አንተ! ገረሱ! በዚህ!

ገረሱ፦ (ከሩቅ) በዚያ ያለው ይደፈርሳል!

ሄዶ ቀረ። ሲኞሩ ሁለት ሲጋራ አጭሶ በሦስተኛው እግሩን መሬት ላይ ይደቃ ጀመር። መሸሻ ሥራ የፈታ እንዳይመስል ያላላውን አጠበቀ፣ ያጠበቀውን አላላ። ጸሎትም ሞክሮ ነበር፤ ለመኪና ለየትኛው ታቦት እንደሚሳሉ ስለማያውቅ ተወው። በመጨረሻ ገረሱ በላብ ተጠምቆ፣ ባልዲው ሥር ጭላጭ ውሃ ይዞ ብቅ አለ።

መሸሻ፦ ከየት ነው የቀዳኸው፣ ከአዋሽ?

ገረሱ፦ (እያለከለከ) ከደረስኩ በኋላ ባልዲውን እንደረሳሁት ትዝ አለኝና...

መሸሻ፦ ባልዲው እጅህ ላይ ነበር እኮ!

ገረሱ፦ እሱን ነው የረሳሁት።

(መሸሻ ውሃውን ጨምሮ ማኖቬላውን ያዞራል። ምንም የለም።)

መሸሻ፦ እንግዲያው ካርቡራቶር ነው። ይሄውልህ፣ ይሄ ቤንዚኑንና አየሩን አንድ ላይ የሚያቦካ ነው።

ገረሱ፦ ሊጡ ቀጥኖ ይሆናል።

መሸሻ፦ (ከፍቶ ጣቱን ያስገባል) ቀጥኖስ... ኧረ ደረቅ ነው! ጠብታ የለውም!

ገረሱ፦ (ፈጠን ብሎ) ደርቋል? ውሃ እንጨምርበታ!

መሸሻ፦ አይ አለማወቅ! ቤንዚኑ በሙቀቱ ተንኖ ነው። ተንኖ! እርጥብ ጨርቅ እናልብሰውና እስኪበርድ እንጠብቅ።

እውነተኛ መካኒክ ካርቡራቶሩን ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው፣ ቤንዚኑ የት ጋ ተዘጋ ብሎ ቧንቧውን ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። መሸሻ ግን ወደ ሰማይ ሄደ፤ ተነነ አለ። የገረሱን ሻሽ አርጥበው ካርቡራቶሩን እንደ ታማሚ ግንባር ጠቀለሉትና በመኪናዋ መወጣጫ ላይ ተቀመጡ።

ገረሱ፦ ጠዋት የነገርከኝ ጠፋኝ። ሲኞሩ የት ልሂድ ብሎ ነው እንዲህ የሚንገበገበው?

መሸሻ፦ ስንቴ ልንገርህ? በስልክ ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁ። «ፌሪቶ» አለ። ፌሪቶ ብረት ነው። እዚህ ላይኛው መንደር፣ ወይዘሮ ዋጋነሽ ቤት ብረት ተደብቋል ብሎ፣ ከላይ ካለው ኬላ ወታደር ይዞ ሊያስወጣ ነው።

ገረሱ፦ ምን ዓይነት ብረት?

መሸሻ፦ ከግቢው የጠፋበት ቆርቆሮ ይሆናላ።

ገረሱ፦ ለቆርቆሮ ወታደር?

መሸሻ፦ ብረት ከባድ ነው! ማን ሊሸከምለት ነው?

(ከመንደሩ በኩል ዋይታ ይሰማል። አራት ሰዎች በጋቢ የተሸፈነ አስከሬን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ከፊት ከፊት ደረታቸውን ይደቃሉ። ሲኞሩ ባርኔጣውን አውልቆ መንገድ ይለቃል።)

መሸሻ፦ ውይ! ከሳቸው ቤት ነው እንዴ? ማን ሞተ?

ገረሱ፦ እንጃ። አንተ ሥራህን ሥራ።

መሸሻ፦ ምን ዓይነት አረመኔ ነህ? ለቀስተኛ አልፎን ሲሄድ ሞተር እፈታለሁ?

የዘይት እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሮጠና ከተሸካሚዎቹ የደከመውን ተክቶ ትከሻውን አስገባ። እምባውም መጣ። ጥቂት እንደሄደ ጆሮው ሥር አንድ ድምፅ ሰማ። ክው ብሎ ቃሬዛውን ለባለተራው አስረክቦ እየሮጠ ተመለሰ።

መሸሻ፦ ገረሱ! የሆነ ነገር አስነጠሰ! ሰማህ?

ገረሱ፦ ሰማሁ እንጂ። መኪናዋ ናት።

መሸሻ፦ (ፊቱ በርቶ) አላልኩህም? በርዶላታል! ሞተር ሲመለስለት መጀመሪያ ያስነጥሳል። ግባ፣ ግባ!

(ያዞራል። ምንም የለም። እንደገና ያዞራል። ለቀስተኛው ከጠመዝማዛው ጀርባ እስኪሰወር ያዞራል። ከዚያ መሬት ላይ ዘርፈጥ ይላል። ሲኞሩ ፊቱ ቀልቶ እየተንደረደረ ይመጣል።)

መሸሻ፦ አለቀልኝ። አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ሆን ብሎ አበላሸ ብሎ ቢያስይዘኝስ? በትንሹ ነገር ሰው በሚሰቀልበት ጊዜ!

ገረሱ፦ (ወደ መንገዱ ጫፍ አይቶ፣ ከመሪው ሥር ጎንበስ ይላል) እስቲ አንዴ ሞክር።

መሸሻ፦ ምን ነካህ?

ገረሱ፦ አዙር አልኩህ።

(መሸሻ ያለ ተስፋ ያዞራል። ሞተሩ ይነሳል። ሲኞሩ መሸሻን አቅፎ «ብራቮ! መካኒኮ!» እያለ ትከሻውን ይመታዋል።)

ወደ ኬላው ወጡ፤ ወታደሮች ተከትለዋቸው ወደ ወይዘሮ ዋጋነሽ ቤት ወረዱ። ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወታደሮቹ አልጋውን ገለበጡ፣ ጎተራውን ወጉ፣ ጣሪያውን በሳንጃ ቀደዱ። ያገኙት አንዲት ፍየል ብቻ ነበረች። መሸሻና ገረሱ ከደጅ፣ ከመኪናዋ ጀርባ ቆመዋል።

መሸሻ፦ (በሹክሹክታ) ንገረኝ። ከመሪው ሥር ምን ነካህ?

ገረሱ፦ የቤንዚኑን መዝጊያ። እናንተ ኮልፌ ሲጋራ ልትገዙ ስትወርዱ ዘግቻት ነበር፤ ለቀስተኛው ከዓይን ሲሰወር ከፈትኳት።

መሸሻ፦ እሷን መዝጊያ ማን አሳየህ?

ገረሱ፦ አንተ ነሃ! ስታጥባት፣ «ይቺ ከተዘጋች ጠብታ አያልፍም፤ ስንት መካኒክ ቢሰበሰብ ምን እንደነካት አያውቅም» አላልከኝም? እኔ ጉራ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳይህ ለካ እውነትህን ነው።

መሸሻ፦ (ፊቱን በዘይት እጁ ይዞ) ለምን ግን? ስለ ቆርቆሮ ብለህ?

ገረሱ፦ ፌሪቶ ብረት አይደለም።

መሸሻ፦ አንተ ደግሞ ጣልያንኛ ከየት አመጣህ?

ገረሱ፦ አንድ ቃል አላውቅም። ዋጋነሽ ቤት ብረት እንደሌለ ግን አውቃለሁ። እዚያ የተኛው ነገሬ የሚባል የአክስቴ ልጅ ነው። ዱር ቤቴ ብሎ ጭኑን በጥይት ተመቶ የመጣ። እንግዲህ ፌሪቶ ማለት ቁስለኛ መሆን አለበት አልኩ።

መሸሻ፦ ውሃ ልትቀዳ የሮጥከው...

ገረሱ፦ ለነዋጋነሽ «ሊመጡባችሁ ነው» ብሎ ሊነግር የሚሄድ ሰው ባልዲ አያስፈልገውም፤ ይዤው የሄድኩት ላንተ ብዬ ነው።

መሸሻ፦ እና እኔ ያለቀስኩለት፣ የተሸከምኩት ሬሳ...

ገረሱ፦ እሱ ነው ያስነጠሰብህ።

 መሸሻ ሳቅ መጣበት፤ እንዳይሰማበት የሸሚዙን እጅጌ ነከሰ።

መሸሻ፦ መካኒኩ! አራት ካንዴላ ፈትቼ፣ ራዲያተር አጠጥቼ፣ ካርቡራቶር ሻሽ አስሬ... ለምን አልነገርከኝም? ፈሪ ነኝ ብለህ ነው?

ገረሱ፦ ኧረ አይደለም። ብነግርህ እንዲያ አያልብህም ነበር። ሲኞሩ እኮ ያመነው ላብህን አይቶ ነው።

(ሲኞር ፓልሚ ባርኔጣውን እየጨመደደ ከቤቱ ይወጣል። ለወታደሮቹ አለቃ ወደ ማዶው ጫካ እያመለከተ ይጮሃል፦ «ዶማኒ! ዶማኒ!» ነገ፣ ነገ ማለቱ ነው።)

ገረሱ፦ ምን አለ?

መሸሻ፦ «ዶማኒ» እያለ ነው። ጫካውን ሊመነጥር ነው መሰለኝ፤ ዶማኒ ማለት ዶማ...

ገረሱ፦ መሸሻ፣ አንተ ቃሉን ብቻ ስጠኝ። ትርጉሙን ለእኔ ተወው።